ራሱን የተመታ ሰው ብቻውን አይደር

በከሰላና በገዳሪፍ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። ዳቦ በብስክሌት ለምታመላልሰው ወንድሜ፣ ከሰዋጊ አትክልት ቦታ ሽንኩርትና ሙዝ ጭነህ ገበያ ለምትወርደው፣ ጎህ ሳይቀድ ወደ ግንባታ ሥራ ለምትከንፈው፣ ታናሽ እህትህን ከኋላ አስቀምጠህ ከትምህርት ቤት ለምትመለሰው ልጅ። በየጥጉ ሻይ ለምትሸጪው እህቴም ነው፤ መንገድ ላይ የወደቀን ሰው ከሁሉ በፊት የምታዪው አንቺ ነሽና።

እዚህ አገር ብስክሌት እንጀራ ነው። ከሰላ ሜዳ ናት፤ ከጠካ ተራራ ግርጌ እስከ ጋሽ ወንዝ ዳር ዓጀላ የማይደርስበት ሰፈር የለም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ደግሞ መጀመሪያ ከካርቱም፣ ኋላም ከሲንጃ የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ጎርፏል። ያው መንገድ ቦክሲውን፣ ሪክሻውን፣ ሞተሩን፣ በአህያ የሚጎተተውን ካሮ፣ እግረኛውንና ባለ ብስክሌቱን አንድ ላይ ይሸከማል። መብራት ሲጠፋ ሁሉም በጨለማ ይጋፋል። እንወድቃለን።

ወድቀን ስንነሳስ? አቧራችንን አራግፈን፣ የተጣመመውን መሪ በጉልበታችን መሃል ይዘን አቅንተን «ምንም አልሆንኩም» እንላለን። የሕክምናው ወጪ ያስፈራናል። ፖሊስ ያስፈራናል። የመኖሪያ ወረቀታችን ጊዜው አልፏል። የዛሬው የቀን ሥራ ካመለጠ የማታ እራት የለም። ስለዚህ ራሳችንን በጨርቅ ጠምጥመን መንገዳችንን እንቀጥላለን።

ወገኖቼ፣ ጭንቅላቱን ከተመታ ሰው አፍ «ምንም አልሆንኩም» የሚለውን ቃል አትቀበሉ!

ምክንያቱን ልንገራችሁ። የራስ ቅል አይለጠጥም። ከሥሩ የሚያልፍ የደም ሥር ሲበጠስ ደሙ መውጫ የለውም፤ እዚያው ይጠራቀማል፣ አንጎልን ይጫናል። ክፉነቱ ጊዜ መስጠቱ ነው። የወደቀው ሰው ለአፍታ ራሱን ስቶ ይነቃል፣ ይነሳል፣ ያወራል፣ ሻዩን ይጠጣል። ሰዓታት ሲያልፉ ራስ ምታቱ ይጠናበታል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ ይጥለዋል። ደክሞት ተኛ ብላችሁ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ትወጣላችሁ። ሲነጋ አይነቃም።

ይህ የደኻ ሰው ዕጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ናታሻ ሪቻርድሰን የምትባለው እንግሊዛዊት የፊልም ተዋናይ በመጋቢት 2001 ዓ.ም. ካናዳ ውስጥ በበረዶ ላይ መንሸራተት ስትማር ወደቀች። ደህና ነኝ አለች። የመጣላትን አምቡላንስ መለሰች። በሁለተኛው ቀን ሞተች፤ ከራስ ቅሏ ሥር ደም ፈስሶ ነበር። ገንዘብም ዝናም ሞልቶላት ነበር። በሰዓቱ ያስፈለጋት «ደህና ነኝ» ስትል እሺ የማይላት ሰው ነበር።

ያ ሰው አንተ ሁን። ያ ሰው አንቺ ሁኚ።

ጓደኛህ ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ የዚያን ሌሊት ከእሱ ጋር እደር። ብቻውን በተከራየው ክፍል አትተወው። አብራችሁ የምትኖሩ ካላችሁ በተራ ንቁ። እንዲተኛ ፍቀዱለት፤ ነገር ግን በየሁለት ሰዓቱ ቀስቅሱት። እ.ኤ.አ. በ1974 ግላስጎው ከተማ የነበሩ ቲስዴልና ጄኔት የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚሠራበትን መለኪያ አወጡ፤ መለኪያው የሚያየው ሦስት ነገር ነው፤ ዓይን፣ ንግግር፣ እንቅስቃሴ። እናንተም በባትሪ መብራት እነዚህኑ ማየት ትችላላችሁ። ስትጠሩት ዓይኑን ይገልጣል? ስምህ ማነው፣ የት ነን፣ ቀኑ ምንድን ነው ስትሉት የተስተካከለ መልስ ይሰጣል? እጃችሁን ጨምቀው ስትሉት ሁለቱም እጆቹ እኩል ይጨምቃሉ?

ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ንግግሩ ከተወላገደ፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ሌላው ከጠበበ፣ ካንዘፈዘፈው፣ ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ከወረደ፣ ሊነቃላችሁ ካቃተው፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ተነሱ! ጎረቤት ቀስቅሱ! መኪና ፈልጉ!

ስታነሱትም በጥንቃቄ ይሁን። አንገቱ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል በብብቱና በእግሩ ይዛችሁ አታንጠልጥሉት፤ ራሱንና አንገቱን አንድ ሰው ይያዝ፣ ሌሎቻችሁ ሰውነቱን ቀጥ አድርጋችሁ ባንዴ አንሱት። ራሱን ከሳተና የሚያስመልሰው ከሆነ በጎኑ አድርጉት። ሪክሻ ውስጥ አጥፋችሁ አትጫኑት፤ ቦክሲ ለምኑለት፣ በሳንቃ ወይም በተነቀለ በር ላይ አጋድሙት። ውሃ በአፉ አታፍስሱ። ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት አትነስንሱ፤ ንጹሕ ጨርቅ ያዙበት። ካንዘፈዘፈው ክብሪት አትለኩሱበት፣ በጥርሱ መሃል ማንኪያ አትክተቱ፤ በጎኑ አዙራችሁ እስኪያበቃ ጠብቁ።

ፋርማሲ ሮጣችሁ የዲክሎፌናክ መርፌ አታስወጉት። አስፕሪንና አይቡፕሮፌንም ይቅሩ፤ ደም የሚፈስ ከሆነ ያባብሱታል። ሐኪም እስኪያየው ፓራሲታሞል ይበቃል።

አሁን ስለምንፈራው ወረቀት እናውራ። ሱዳን ውስጥ በአደጋ የተጎዳ ሰው ሲታከም ኦርኒክ 8 የሚባለው የፖሊስ ቅጽ ይጠየቃል። ይህ ቅጽ ብዙ ወንድሞቻችንን ቤት አስቀርቷል፤ ፖሊስ ጣቢያ መግባት ለስደተኛ ቀላል ነገር አይደለምና። እንግዲህ ሥራውን እንከፋፈል። ሁለት ሰው በሽተኛውን ይዞ በቀጥታ ወደ ሐዋዲስ፣ ወደ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል፣ ይሂድ። አንድ ሰው፣ ዓረብኛ የሚችልና የራሱ ወረቀት የተሟላ፣ ወደ ፖሊስ ይሂድ። በሽተኛውን ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ አስቀምጣችሁ ቅጽ አትጠብቁ። የወደቀበትን ሰዓት፣ ራሱን ስቶ እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንዳስመለሰው በወረቀት ጻፉና ለሐኪሙ ስጡ። ሐኪሙ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ይህንን ነው፤ በሽተኛው ሊነግረው አይችልም።

የተመታው ሰው ሽማግሌ ከሆነ ደግሞ ልብ በሉ። በዕድሜ የገፋ ሰው አንጎል ላይ ደም ቀስ ብሎ ሊጠራቀምና ከሳምንታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። ከወር በፊት ከብስክሌት ወድቀው የነበሩ አባት ዛሬ እግራቸው ቢጎተት፣ ነገር ቢጠፋባቸው፣ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉ።

የመጀመሪያው ሌሊት አለፈ እንበል። ሐኪሙ አይቶ፣ የራስ ምስል ተነስቶ፣ ደም የለም ተብሎ የተመታው ሰው ወደ ቤት ተሸኘ። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እጃችንን እናነሳለን። ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ነው የምትፈለጉት!

ሳቂታ የነበረው ሰው በትንሽ ነገር ይቆጣል። መልስ ተሳስቶ የማያውቀው ባለ ሱቅ ሒሳብ ይጠፋበታል። ብርሃን ያመዋል፤ የጀነሬተር ድምፅ ያመዋል፤ የልጆች ጩኸት ያመዋል። ቀን ያንቀላፋል፣ ሌሊት ዓይኑ ይፈጥጣል። ሲነሳ ያዞረዋል። የሚታይ ቁስል ስለሌለው ማንም አያምነውም። አንዱ ሰነፈ ይለዋል። አንዱ ተለከፈ ይለዋል። ሌላው አበደ ብሎ ልጆቹን ከእሱ ያርቃል።

አልሰነፈም። አላበደም። አንጎሉ ተናውጦ እየዳነ ነው። ጸሎቱም ዱዓውም ይደረግለት፣ ጠበሉም ይጠጣ፤ እምነቱ ይደግፈዋል። ግን ቀጠሮው አይታጠፍ፣ መድኃኒቱ አይቋረጥ። እናንተም የተለወጠውን ጠባዩን እንደ ክፋት አትቁጠሩበት።

አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ይድናል። አንዳንዱ ወራት ይወስድበታል። የሚያስፈልገውም ብርቅ ነገር አይደለም። የመጀመሪያውን አንድና ሁለት ቀን ዕረፍት፤ ከዚያ ቀስ በቀስ አጭር ጉዞ በእግር፣ ቀላል ሥራ። ወር ሙሉ ጨለማ ክፍል አስተኝታችሁ አትደብቁት፤ ያም ይጎዳዋል። ሲደክመው ይረፍ፤ ሲሻለው ይጨምር። አረቂም መሪሳም አይቅመስ። እንቅልፉን አክብሩለት። የሚረሳውን ጻፉለት። አንድ ነገር ባንድ ጊዜ ንገሩት። ብስክሌት ላይ ደግሞ ምልክቶቹ ሁሉ ጠፍተው ሐኪም እሺ እስኪለው ድረስ አይውጣ፤ ያልዳነ አንጎል ዳግም ሲመታ ጉዳቱ እጅግ የከፋ ነው።

ቢንያም ግርማይን ከእናንተ መካከል የማያውቅ የለም። ከድንበሩ ማዶ፣ የአስመራ ልጅ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2015 ዓ.ም. ቤልጂየም ውስጥ በፍላንደርስ ውድድር ላይ ወድቆ አንጎሉ ተናወጠ። በሳምንቱ ፓሪስ ሩቤ የሚባለው ታላቅ ውድድር ነበር፤ አልተሰለፈም። ዐረፈ። በቀጣዩ ዓመት፣ ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቱሪን ከተማ ላይ የቱር ደ ፍራንስን የአንድ ቀን ውድድር አሸነፈ፤ ከጥቁር አፍሪካውያን የመጀመሪያው ሆነ። ሁለት ጊዜ ደግሞ አሸነፈ፣ ለነጥብ አሸናፊ የሚሰጠውንም አረንጓዴ ማሊያ ለብሶ ውድድሩ ወዳበቃበት ኒስ ገባ። በዓለም ፈጣን ከሆኑት አንዱ ማረፍ ካስፈለገው፣ የእኛ ዳቦ አመላላሽ ለምን በማግስቱ ይነዳል?

መልሱን እናውቀዋለን። ቢንያም ሲያርፍ ደመወዙ አይቋረጥም። የእኛ ሰው ካረፈ አይበላም።

ስለዚህ ዕረፍቱን የምንከፍለው እኛ ነን!

ዕድር አለን። ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ሬሳ ወደ አገር ለመላክ ከገዳሪፍ እስከ መተማ መኪና እንከራያለን። ለቀብር የሚዋጣው ገንዘብ ሰውየው በሕይወት ሳለ ይዋጣ። የሁለት ሳምንት ቀለብና የቤት ኪራይ አንድን ሰው ከዳግም አደጋ ያድናል፤ ይህን ገንዘብ አሥር ሰው ቢካፈለው ማንንም አይጎዳም። ዛሬ ገንዘብ መላኪያው ባንካክ በብዙዎቻችን ስልክ ላይ አለ። አንድ የታመነ ሰው ምረጡ፣ በየወሩ የምትችሉትን አስገቡ፣ ሒሳቡ በየወሩ በግልጽ ይነገር። ውጭ ያላችሁ ልጆቻችን፣ ካናዳም ጀርመንም፣ እናንተም አዋጡ፤ ችግር ከደረሰ በኋላ በጭንቀት ከምትልኩት አስቀድሞ የሚገባው ጥቂቱ ይበልጣል።

አሠሪዎች ሆይ፣ የዳቦ ቤት ባለቤቶች፣ የግንባታ ኃላፊዎች፣ የተጎዳውን ሠራተኛ ቦታውን ጠብቁለት። ሲመለስ መጀመሪያ ግማሽ ቀን ይሥራ፤ ከፍ ያለ መወጣጫ ላይ አይውጣ፤ ከባድ አይሸከም። አገልግሏችኋል።

ለሰሊጥ አጨዳ ከጎንደርና ከጎጃም ወርዳችሁ ገዳሪፍ የምትሠሩ ሳሉግ ወንድሞቼ፣ እናንተም ስሙ። ከብስክሌትም ሆነ ከትራክተር ተጎታች የወደቀ ሰው ካምፕ ውስጥ ጥላ ሥር ተጋድሞ እንዳይቀር። የእርሻው ኃላፊ መኪና እንዲሰጥ ባንድ ድምፅ ጠይቁ። አንድ ሰው ሲጠይቅ ይባረራል፤ ሃምሳ ሰው ሲጠይቅ መኪናው ይነሳል።

ሐኪም የት ይገኛል የሚለው ዛሬ ከወትሮው የከበደ ጥያቄ ነው። በሱዳን የአንጎል ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው ካርቱም ላይ ተከማችቶ ነበር፤ ጦርነቱ ያንን በትኖታል። ባለሙያዎቹ ተሰደዋል፣ አንዳንዶቹም ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደው ይሠራሉ። ስለዚህ ከአደጋው በፊት እወቁ። በዚህ ሳምንት ሁለት ሰው መርጣችሁ ወደ ከሰላና ወደ ገዳሪፍ ማስተማሪያ ሆስፒታሎች ላኩ። የራስ ሲቲ ስካን ዛሬ የሚሠራው የት ነው? ዋጋው ስንት ነው? ሌሊት ይከፈታል? ቀዶ ሐኪም ካልተገኘ ወዴት ይላካል? ከቀይ ጨረቃ ሰዎች፣ ከስደተኞች መሥሪያ ቤት፣ ከካምፑ ክሊኒክ ጠይቁ። ለድንበሩ የቀረባችሁና መንገዱ ክፍት የሆነላችሁ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን አስቡ። መልሱን በአማርኛ፣ በትግርኛና በዓረብኛ ጽፋችሁ በየሻይ ቤቱ ለጥፉ። መልሱ ስለሚለዋወጥ በየወሩ አድሱት።

ከሁሉ በፊት ግን ራሳችንን እንከልል። ሄልሜት! ይሞቃል ትላላችሁ፤ አውቃለሁ፣ በሚያዝያና በግንቦት የከሰላ ፀሐይ ምን እንደሆነ ማንም ሊነግረን አይችልም። ቢሆንም አድርጉት። ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች ሲጠቃለሉ፣ ሄልሜት በብስክሌት ነጂ ላይ የሚደርሰውን የራስና የአንጎል ጉዳት ከ63 እስከ 88 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ጥምጥምና ኮፍያ ይህን አያደርጉም። የዓለም ብስክሌተኞች እንኳ ለረጅም ጊዜ ሙቀቱን ምክንያት አድርገው እምቢ ብለው ነበር፤ በመጋቢት 1995 ዓ.ም. ካዛኪስታናዊው አንድሬይ ኪቪሌቭ ያለ ሄልሜት ሲወዳደር ወድቆ ሞተ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሄልሜት ለውድድር ግዴታ ሆነ። አንድ ሰው እስኪሞት ጠበቁ። እኛ አንጠብቅ።

ብር ካጠረ ዕቁብ ግቡበት። በየሳምንቱ አንድ ሄልሜት ይገዛ፣ ዕጣ የወጣለት ይውሰድ፤ መጀመሪያ ለልጆችና ለሌሊት ሠራተኞች። አገጭ ሥር ያለው ማሰሪያ ይታሰር፤ ያልታሰረ ሄልሜት ከራስ ቀድሞ ይወድቃል። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ሄልሜት ሁለተኛ አያገለግልም፤ ጣሉት። ብስክሌቱ ላይ ከፊትም ከኋላም የሚያብረቀርቅ ነገር ለጥፉ። ፍሬኑን አስጠግኑ። ሁለት ሰው ደርባችሁ በጨለማ አትንዱ።

እናቶች፣ ልጃችሁ ያለ ሄልሜት ከበር ሲወጣ መልሱት። ካህናት አባቶች፣ ሼሆች፣ ከቅዳሴ በኋላና ከጁምዓ በኋላ አንድ ደቂቃ ስጡበት። መምህራን፣ የአደጋውን ምልክቶች ለተማሪዎች አስተምሩ። እህቴ ባለ ሻይ፣ የወደቀ ሰው መጥቶ አንቺ ዘንድ ቢቀመጥ ሻዩን ከመስጠትሽ በፊት ጠይቂው፤ ራስህን ስተህ ነበር? ማን አለህ? ማንም ከሌለው ስልክሽን አንሺና ጥሪ።

አሁን ተነሱ። አሥር ሆናችሁ ተሰብሰቡ፤ አሥር ካልተገኘ አምስት ይበቃል። ገንዘብ ያዥ ምረጡ። መኪና ያለውን ሰው ስልክ ያዙ። ዓረብኛ የሚችለውን ሰው ስልክ ያዙ። ሌሊት የሚነቃውን ሰው ስልክ ያዙ። ሦስቱን ቁጥር ለሰፈራችሁ ሰው ሁሉ አድሉ። የመጀመሪያውን መዋጮ ዛሬ ማታ፣ ከመተኛታችሁ በፊት አስገቡ።